የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ

አልሐምዱ ሊላህ። ምስጋና ሁሉ ፊደልን ለሰው ልጅ ላገራለት፣ ልቡንም ለዒልም ላሰፋለት ጌታ ይሁን። ሶላትና ሰላም ሳይጽፉና ሳያነቡ የዓለም መምህር በሆኑት በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይውረድ። አማ ባዕድ፤ የአላህ ባሮች ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራሴም ለእናንተም አላህን መፍራትን አደራ እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከዙሁር በኋላ በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በኩል ሳልፍ ዝናብ ያዘኝና ጣሪያው ሥር ተጠጋሁ። ከእኔ በፊት የተጠለሉ ልጆች ነበሩ፤ ብቆጥራቸው 14 ሆኑ። ዝናቡን የሸሹ መስሎኝ ነበር። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው የዋሉት። አንዷ ልጅ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ፍንጣቂው እንዳያረጥበው በሒጃቧ ጫፍ ጋርዳ ኬሚስትሪ ትሠራለች። «ላይብረሪው ለምን ተዘጋ?» አልኳቸው። «ቁልፍ የምትይዘው እህት ስብሰባ ተጠርታ ነው፣ ኡስታዝ» አሉኝ። «መቼ ትመለሳለች?» ስላቸው ተያዩና አንዱ «ትናንትም አልመጣችም» አለኝ።

ተቆጣሁ። ሌላ ሰው ሳይተኩ ሠራተኛዋን የጠሩትን ሰዎች በልቤ ወቀስኩ። ዝናቡ አባርቶ ወደ መስጂድ ስመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከዚያ በር እስከዚህ መስጂድ በር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የዚህ መስጂድ በር አንድ ቀን በሶላት ሰዓት ተዘግቶ ቢገኝ ይህ ጀመዓ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር? ወላሂ አይመለስም። ገሚሱ ሙአዚኑን ፍለጋ ይሮጣል፣ ገሚሱ አናጺ ይጠራል። ያኛው በር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ተዘግቶ ሲውል ከእኛ ውስጥ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ዝናብ ባያስጠጋኝ ኖሮ አልጠይቅም ነበር። ስለዚህ ቁጣዬን ከሌሎች ላይ አንስቼ ወደ ራሴ መለስኩት፤ ዛሬም በእናንተ ፊት የቆምኩት ይህንኑ ይዤ ነው።

የዝምታችንን ሰበብ ሁላችንም እናውቀዋለን። «የመንግሥት ነው» እንላለን። ወንበሩ ሲሰበር የመንግሥት ነው፤ ከመጽሐፉ መሐል ገጽ ሲገነጠል የመንግሥት ነው፤ መስኮቱ ያለ መስታወት ክረምት ሲገባበትም የመንግሥት ነው። ይህ ቃል አንደበታችን ላይ ከመቅለሉ የተነሣ ምን እያልን እንደሆነ አናስተውለውም። የማንም አይደለም ማለታችን ነው። የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ጉልበት ላለው ይተዋል።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ስለ አንድ ቁልፍ ላውጋችሁ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ መካ በተከፈተች ዕለት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የካዕባን ቁልፍ ከዑስማን ኢብኑ ጠልሓ ተቀብለው ገቡ። ይህ ሰው የበኑ ዐብዲዳር ጎሳ ነው፤ ቁልፉም ከአያት ከቅድመ አያት በእነሱ ቤት የኖረ ነው። ቀድሞ፣ በመካው የመከራ ዘመን፣ በሩን እንዲከፍትላቸው ጠይቀውት ፊት እንደነሳቸው የሲራ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። አሁን ከተማይቱም ቁልፉም በእጃቸው ገቡ። ከቅርብ ዘመዶቻቸው መካከል ቁልፉ ለእኛ ይሁን ብሎ የጠየቀ ነበር። እርሳቸው ግን ዑስማንን አስጠርተው ቁልፉን መለሱለት። አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ የሚያዘው የሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ በዚሁ ምክንያት እንደወረደ ሙፈሲሮች ያወሳሉ። የካዕባ ቁልፍ እስከ ዛሬ በዚያው ዘር፣ በበኑ ሸይባ እጅ ነው።

ቁልፍ መያዝ እንዲህ ትልቅ ነገር ነው። በር ከፋች ለገባው ሰው ሁሉ አገልጋይ ነው፤ ለገባው ሰው ሁሉም አጅር አለው። ያቺን የላይብረሪ እህታችንን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እምነቷ ከእምነታችን ይለያል። በረመዳን ግን ልጆቻችን መግሪብ እስኪቃረብ እንዲያነቡ ከሥራ ሰዓቷ አልፋ በሩን ሳትዘጋ ስትቆይ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልከፈላትም። እኛስ? ብቻዋን መሆኗን፣ ስትታመም ወይም ስትጠራ ያ ቤት ከእሷ ጋር አብሮ እንደሚዘጋ አስበን እናውቃለን?

በውስጡ ምን እንዳለ ላልገባችሁበት ልንገራችሁ። ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ውስጥ መደርደሪያና ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ። መጻሕፍቱ አብዛኞቹ የትምህርት ናቸው፤ ጀርባቸው በፕላስተር የተጠገነ፣ ከአንዱ ልጅ እጅ ወደ ሌላው ልጅ እጅ ሲዘዋወሩ የለሰለሱ። ጥቂት ልቦለድ አለ፤ መዝገበ ቃላት አለ። በሁለተኛው ክፍል አባቶች ጋዜጣ ያነባሉ፤ «አዲስ ዘመን»ም «በኩር»ም ሲደርስ እዚያ ይቀመጣል፤ ዓይናቸው የደከመባቸው ልጅ አስቀምጠው ያስነብባሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት የታጠፈ ወረቀት ይዘው ገብተው አይቻለሁ። ልጃቸው ወደ ዐረብ ሀገር ልትሄድ ኤጀንሲ የሰጣት ውል ነው። ደላላው «ፈርሚ» ብሏል፤ እርሳቸው ግን ወረቀቱ ምን እንደሚል ሳያውቁ ልጃቸው እንድትፈርም አልወደዱም። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ ከጎናቸው ተቀመጠና ውሉን መስመር በመስመር ተረጎመላቸው። ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚሆን። የእኛ ሴት ልጆች በሪያድና በቤሩት ምን እንደሚገጥማቸው እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ያ ልጅ በዚያች ሰዓት የሠራው ሥራ ምን ያህል ሚዛን እንደሚደፋ አላህ ነው የሚያውቀው።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት የሀገራችን ልጆች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ያን ሳምንት በየቤቱ የነበረውን ዝምታም ታስታውሳላችሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ብዙ አልተሻለም፤ 3.2 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ኹጥባ አልጨርሰውም። ነገር ግን አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሰባት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ ልጅ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያነብበት የሌለው፣ አጋዥ መጽሐፍ መግዣ የሌለው ልጅ፣ ከዚያ ጠረጴዛ በቀር የት ይሂድ? አዲስ አበባ ውስጥ የወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አብርኆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ አላህ ይጨምርላቸው። የእኛ ልጅ ግን ለደሴ ታክሲ መሳፈሪያ እንኳን የለውም። በ2016 ዓ.ም. የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መፈተን ጀምረዋል፤ ከልጆቻችን ስንቱ ማውስ ነክቶ ያውቃል?

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የዱንያ ዕውቀት ነው፤ የመስጂድ ጉዳይ አይደለም» ይላሉ። ለእነሱ በድርን ላስታውሳቸው። ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው፣ ግን መጻፍ የሚያውቁ ነበሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የእነዚህን ቤዛ ምን አደረጉት? እያንዳንዱ 10 የመዲና ልጆችን ጽሕፈት ያስተምር፤ ሲጨርስ ነጻ ነው። አስተውሉ፤ መምህራኑ ሙሽሪኮች ናቸው፤ ትናንት ሰይፍ ይዘው የመጡ ናቸው። የሚያስተምሩትም ፊደል ነው፤ ቁርኣንማ ከየት ያመጡታል? ከእነሱ ከተማሩት ልጆች አንዱ ዘይድ ኢብኑ ሳቢት እንደነበር ይወሳል። ያ ዘይድ አድጎ፣ በአቡበከር ዘመን፣ ቁርኣንን ከአጥንትና ከቅጠል፣ ከሰዎችም ልብ ሰብስቦ የጻፈው ዘይድ ነው። የፊደል ደጅ ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም።

ዘይድ የሰበሰባቸው እነዚያ ገጾች በአቡበከር ዘንድ ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ በዑመር ዘንድ፤ ከዑመር በኋላ ደግሞ በልጃቸው በእናታችን በሐፍሳ ቤት ተቀመጡ። ሐፍሳ ጽሕፈትን ያስተማረቻት አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ የምትባል የሶሓባ ሴት ናት። ኸሊፋው ዑስማን ቁርኣንን በአንድ አጻጻፍ ገልብጠው ወደየሀገሩ ለመላክ ሲነሡ ወደ ሐፍሳ ሰው ላኩ። ገጾቹን ላኪልን፣ ገልብጠን እንመልስልሻለን ሲሉ ጠየቋት። እሷም ላከች። ጸሐፊዎቹ፣ ዘይድም አብሯቸው፣ ገልብጠው ሲጨርሱ ዑስማን ገጾቹን ለሐፍሳ መለሱላት። የሙስሊሞች ሁሉ መሪ ናቸው፤ ለሥራ ይፈለጋል ቢሉ ማን ይከራከራቸው ነበር? የተዋሱትን ግን መለሱ።

ይህን ሐዲሥ ባነበብኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ምክንያቱን ዛሬ በዚህ ሚንበር ላይ ልናገር። 12ኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከምማርበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት አንድ የሂሳብ አጋዥ መጽሐፍ ተዋስኩ። ለሁለት ሳምንት ነበር። ፈተናው መጣ፣ አለፈ፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ከተማውን ለቀቅኩ። መጽሐፉ ከልብሶቼ ጋር መጣ። መጀመሪያ በሚቀጥለው ወር እመልሰዋለሁ አልኩ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት አልኩ፤ ከዚያ ረሳሁት። 21 ዓመት ሆነው። አንድ ቀን ታላቋ ልጄ ዕቃ ስታገላብጥ አገኘችውና፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ክብ ማኅተም አንብባ «አባቴ፣ ይህ የእኛ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። ያዋሱኝ ሰው በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። የተቀበለኝ ወጣት የድሮውን የውሰት መዝገብ አውጥቶ ስሜን ፈለገ፤ አገኘው። ከስሜ ጎን በቀይ ቀለም «አልተመለሰም» የሚል ተጽፏል። ከግርጌው ደግሞ በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ ያ መጽሐፍ ያላቸው አንድ ቅጂ ብቻ እንደነበር ተመዝግቧል።

ከእኔ በኋላ ወደዚያ መደርደሪያ መጥተው ያጡት ልጆች ስንት ናቸው? አንድን ሰው ብትበድል ሄደህ ዐፉ በለኝ ትለዋለህ። ስማቸውን የማላውቃቸውን፣ በየት እንዳሉ የማላውቃቸውን፣ በእነዚያ 21 ዓመታት የመጡትን ልጆች እንዴት ብዬ ዐፉ ላስብላቸው? ፉቀሃዎች ስለ ውሰት ዕቃ ሲጽፉ የተዋሰው ሰው እስኪመልስ ድረስ ያለበትን ግዴታ በጥብቅ ያስቀምጡታል። የሕዝብ ንብረት ሲሆን ሐቁ የሕዝቡ ሁሉ ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሣጥን ክፈቱ፣ የአልጋ ሥር ተመልከቱ። ክብ ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ካገኛችሁ አታፍሩ፤ አምጡት። ገጽ የተገነጠለበትም ቢሆን አምጡት። ወጣቶችም ስሙኝ፤ መልስ ያለበትን ገጽ ገንጥሎ ኪስ ውስጥ መክተት ከወንድም ኪስ ገንዘብ ከመውሰድ በምን ይለያል?

ስለ ወንበርም አንድ ቃል ልጨምር። ጠዋት ቀድሞ ገብቶ ለሦስት ጓደኛ በደብተር ወንበር የሚይዝ አለ። ሴት ልጅ ግን ጠዋት ውኃ ትቀዳለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ለታናናሾቿ ቁርስ ትሰጣለች፤ ከዚያ ስትደርስ ባዶ ወንበሮች ላይ ደብተር ተኝቶ ታገኛለች። በመቀመጫ ስፍራ ለሰው ቦታ እንድናሰፋ የሚያዘን የሱረቱል ሙጃደላ አንቀጽ፣ አላህ ዒልም የተሰጣቸውን በደረጃ ከፍ እንደሚያደርጋቸው ይነግረናል። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ መምጣቱን እያሰብኩ እደነቃለሁ። እናንተም አባቶች፣ ፈተና በደረሰበት ወር ውኃውን ወንድ ልጅ ቢቀዳው ምን ይጎድላል? የቁርኣን ገጾች የተጠበቁት መጻፍ በተማረች ሴት ቤት ነበር።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም ለሙስሊሞችም ሁሉ አላህን ምሕረት እለምናለሁ። ምሕረትን ለምኑት፤ እርሱ መሓሪ አዛኝ ነው።

አልሐምዱ ሊላህ። ሶላትና ሰላም በአላህ መልእክተኛ ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ፣ ያቁት አል-ሐመዊ የሚባል የሀገራትን መዝገብ ያዘጋጀ ታላቅ ሊቅ ነበር። በልጅነቱ ባሪያ ሆኖ ተሸጦ፣ በኋላ ነጻ ወጥቶ መጽሐፍ እየገለበጠና እየሸጠ የኖረ ሰው ነው። በኹራሳን ወዳለችው ወደ መርው ከተማ በገባ ጊዜ ለሕዝብ ወቅፍ የተደረጉ 10 የመጻሕፍት ቤቶች አገኘ። ከማረፊያው 200 ጥራዝ የሚያህል መጽሐፍ ተለይቶ አያውቅም ነበር፤ አብዛኛውንም ያለ መያዣ ነው ያዋሱት። እንግዳ ነው፤ ዘመድ የለው፤ ግን አመኑት። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ፣ ዐዚዚያ የሚባለው፣ 12,000 ያህል ጥራዝ ነበረው። መሥራቹ ማን ነበር? በሥራው መጀመሪያ በመርው ገበያ ፍራፍሬና ሪሓን ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። ኋላ ሱልጣን ዘንድ ገብቶ አላህ ሲሰጠው ያን ቤት ለሕዝብ ተወ። ሞንጎሎች በ1221 እ.ኤ.አ. መርውን አጠፏት፤ መጻሕፍቱም አብረው ጠፉ። ያቁት ግን ጥቂት ቀደም ብሎ ሸሽቶ ነበር፤ ከዚያ የተዋሰው ዕውቀትም እስከ ዛሬ በመጽሐፉ ውስጥ ይነበባል።

የእኛም ሀገር ለዚህ እንግዳ አይደለም። ሐረር ውስጥ የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን ብታዩ፣ በብዙዎቹ ላይ ወቅፍ መሆናቸው ተጽፎ ታገኛላችሁ። በዚህ በወሎ ምድር አባቶቻችን አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ እየጻፉ ዲኑን ለሕዝቡ አደረሱ። ደረሳ ከሸኽ ወደ ሸኽ ኪታብ ፍለጋ በእግሩ ሲዞር፣ ኪታቡን ተውሶ በጥላሸት ቀለም ገልብጦ ለባለቤቱ ይመልስ ነበር። ምግቡንስ ማን ሰጠው? መንደሩ። አንዷ ቤት ቂጣ፣ አንዷ ቤት ቆሎ። የደረሳ ምግብ የሌላ ሰው ነው ያለች እናት አልሰማሁም። ያ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚያጠናው ልጅ የዛሬ ደረሳችን ነው።

ስለዚህ ኢንሻአላህ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሽማግሌዎቻችን ጋር፣ የቤተ ክርስቲያኑን አባቶችም ጨምረን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ወደሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛ ቁልፍ። እህታችን ስትጠራ ወይም ስትታመም በሩን የሚከፍቱ፣ መጽሐፍ ሲወጣና ሲገባ የሚመዘግቡ፣ እሷ የምታሠለጥናቸው አራት የታመኑ ሰዎች ከሕዝቡ እናቀርባለን፤ ሁለቱ ሴቶች ይሆናሉ። አናጺ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ለስምንት ወንበር እግር ያስፈልጋል። የመስታወት ነጋዴው ወንድማችን ሦስት መስኮት ቃል ገብቷል፤ አላህ ይቀበለው። ገንዘብ የሌለው በሳምንት አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ለአንድ አባት ጋዜጣ ያንብብ፤ ለአንዲት እናት ወረቀቷን ይተርጉም። ሰው ሲሞት ሥራው ሲቋረጥ የማይቋረጡለት ሦስት ነገሮች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ሰደቀቱል ጃሪያና የሚጠቅም ዒልም በዚያ ቤት አንድ ላይ ይገኛሉ፤ ዱዓ የሚያደርግ ልጅም ከዚያ አይጠፋም።

አላህ ሆይ፣ የማናውቃቸውን የበደልናቸውን ሰዎች ዐፉ አስብለን። ዝናብ ሥር ደብተር የዘረጉትን ልጆች ልባቸውን ክፈትላቸው፤ በፈተናቸው ቀን አትለያቸው። ያቺን ቁልፍ ያዥ እህት ጠብቅልን፤ መልካም ሥራዋን በመልካም መልስላት። በሰው ሀገር ያሉትን ሴት ልጆቻችንን ከክፉ ጠብቃቸው፤ በሰላም መልስልን። መጽሐፍ አውሰውን ያለፉትን ማራቸው። ለሕሙማናችን ሺፋ፣ ለሀገራችን ሰላም ስጥ። አሚን።

ሶላቱን አቁሙ።